የቆሸሸው ሳጥን፦ ቡችላን ንጽሕና የማስለመድ ታሪክ እና የጥፋተኝነት ጥያቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



 የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ እያሉ «የታሪክ መምህር ስለ ቡችላ ሽንት ምን የሚለው አለው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የታሪክ ተመራማሪ የነገሥታትን ደብዳቤና የጦር ሜዳ ውሎን ብቻ አይመረምርም። ሰዎች በየቤታቸው የሚያጋጥማቸውን ጥቃቅን ችግር እንዴት እንደሚያስረዱ፣ በተለይም ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጥሉ መመርመርም የሙያው አካል ነው። የዛሬው ጉዳይ ከዚህ ወገን ነው።

ጉዳዩ ግን የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ መናገር ይኖርብኛል። ከሃያ ዓመት በፊት የዶክትሬት ትምህርቴን በአሜሪካ ስከታተል ከአንድ የእንስሳት መሸጫ መደብር የስምንት ሳምንት ቡችላ ገዛሁ። ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር። ስሙንም በልጅነቴ እንደማውቃቸው የሰፈራችን ውሾች «ቡቺ» አልኩት። ሻጩ ከቡችላው ጋር የሽቦ ሳጥን አብሮ ሸጠልኝ፤ «ውሻ በተፈጥሮው የሚተኛበትን አያቆሽሽም፤ ሌሊት እዚህ ውስጥ ዝጋበት፣ በሁለት ሳምንት ይለምዳል» አለኝ። ቡቺ ግን ሌሊት ሌሊት ሳጥኑን አቆሸሸ፤ በቆሻሻውም ላይ ተኛ። በጎረቤት ምክር አፍንጫውን በሽንቱ ላይ አሸሁት፤ ጮኽኩበት፤ ሁለት ጊዜም መታሁት። በስድስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አልቆ ወደ እንስሳት መጠለያ ወሰድኩት። በተመዝጋቢው ቅጽ ላይ «የተሰጠበት ምክንያት» በሚለው መስመር «ንጽሕና አይማርም» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት አላውቅም።

ዛሬ የማቀርበው ያ ዓረፍተ ነገር ለምን ስሕተት እንደነበረ ነው።

ውሻው ወደ ሳሎን ሲገባ

ችግሩ መቼ ተወለደ ብለን እንጀምር። በእኛ አገር በግቢ ያደገ ውሻ «ቤት ውስጥ ሸና» ተብሎ አይከሰስም፤ ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ የለምና። ደጃፍ ላይ ይተኛል፣ አጥር ሥር ይፀዳዳል፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። በአውሮፓም ቢሆን አብዛኛው ውሻ ለብዙ ዘመን የኖረው እንዲሁ ነበር፤ የአደን ውሾች በተለየ ቤታቸው፣ እረኛ ውሾች ከመንጋቸው ጋር፣ ጠባቂዎች በግቢ። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት በእቅፍ የሚያዙ ትንንሽ ውሾች ነበሩ፤ ነገር ግን የእነርሱን ቆሻሻ የሚጠርግ አገልጋይ ስለነበረ ችግሩ የባለቤቱ አልነበረም።

ሁኔታው በ19ኛው መቶ ዘመን ተለወጠ። የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ በሰፋበት በብሪታንያ የመጀመሪያው የዘመናዊ ውሻ ትርኢት በ1859 በኒውካስል ተካሄደ፤ በ1873 ደግሞ ኬኔል ክለብ በለንደን ተቋቋመ። ውሻ ዘር ተቆጥሮለት፣ ስም ወጥቶለት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ውስጥ የቤተሰብ አባል ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ላክል። ሄንሪ ሜይሂው በዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ የለንደንን ድኾች ኑሮ ሲመዘግብ፣ የውሻ ዓይነ ምድር ከመንገድ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎችን አግኝቷል። ቆዳ ፋቂዎች፣ በተለይም የበርመንዚ ሰፈር ፋብሪካዎች፣ ስስ ቆዳ ለማጽዳት ይገዙት ነበር። የዕቃው የገበያ ስም «ንጹሕ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነበር፤ ቆዳን ያጠራልና። እንግዲህ አንዱ ነገር በጎዳና ላይ ሲገኝ ሸቀጥ፣ በምንጣፍ ላይ ሲገኝ ወንጀል ነበረ ማለት ነው። ቆሻሻ የሚያሰኘው የነገሩ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን የተገኘበት ቦታ ጭምር ነው። ቡችላው ደግሞ የዚህን የቦታ ካርታ ይዞ አልተወለደም።

ከጅራፍ ወደ ልማድ

ውሻው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ማብራሪያ የሥነ ምግባር ማብራሪያ ነበር። ቡችላው ያጠፋል፤ ማጥፋቱን ያውቃል፤ ስለዚህ ይቀጣል። አፍንጫን በቆሻሻው ላይ ማሸት ከዚህ እምነት የወጣ ነው። ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ እኔም ዘንድ ደረሰ።

ይህን እምነት በጽሑፍ ከሞገቱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው የፖሊስ ሰው ኮንራድ ሞስት ነው። በ1910 ባሳተመው የውሻ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ውሻ የሰውን ሥነ ምግባር እንደማያውቅ፣ ድርጊትንና ውጤትን የሚያያይዘውም በጊዜ ሲቀራረቡ ብቻ እንደሆነ አስተማረ። ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ቅጣት ለውሻው ትርጉም የለሽ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሞስት ጅራፉን አልጣለም፤ ማስገደድ የሥልጠናው ምሰሶ ሆኖ ቀጠለ። ስለ ውሻው ያለው ግንዛቤ ተለውጦ ሳለ በውሻው ላይ የሚሠራው ግን ብዙ አልተለወጠም።

በተመሳሳይ ዘመን በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ የሠራው ጥናት፣ ኋላም የቢ. ኤፍ. ስኪነር የ1938 መጽሐፍ ጥያቄውን ከጥፋት ወደ ልማድ አሸጋገሩት። ይህ ሽግግር በእንስሳት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ጆን ዋትሰን በ1928 ለወላጆች በጻፈው መጽሐፍ ሕፃናት በጥብቅ ሰዓትና በቀዝቃዛ እጅ እንዲያድጉ መክሮ ነበር። ቤሪ ብራዘልተን የተባለው የሕፃናት ሐኪም ደግሞ በ1962 ባወጣው ጽሑፍ ሕፃን ሽንት ቤት የሚለምደው ራሱ ዝግጁ ሲሆን ነው፤ የሚጠበቀውም እርሱ እንጂ ሰዓቱ አይደለም አለ። ልጁን መጠበቅ እንደሚገባ ለመቀበል አሥርት ዓመታት ፈጀ፤ ቡችላውን መጠበቅ እንደሚገባ ለመቀበል ደግሞ ከዚያም ረዘም ያለ ጊዜ አስፈለገ።

ለዚህ መዘግየት አንዱ ምክንያት የውሻው ፊት ይመስለኛል። ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ቡችላው ጆሮውን ያጥፋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ዓይኑን ይሰብራል፤ ባለቤቱም «ጥፋቱን ያውቃል» ይላል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን ፈተነች። ውሾቹ ያንን ፊት ያሳዩት ጥፋት በመሥራታቸው ሳይሆን ባለቤታቸው በተቆጣቸው ጊዜ ሆኖ ተገኘ፤ ምንም ያላጠፋውም ሲቆጡት ያንኑ ፊት አሳየ። እኔ በቡቺ ፊት ላይ ያነበብኩት ጸጸት የራሴ ቁጣ ነጸብራቅ ነበር።

የባር ሃርበር ቡችሎች

አሁን ወደ ነገሩ ማእከል እንምጣ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ፣ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ከአሥር ዓመት በላይ አምስት የውሻ ዝርያዎችን ከውልደት ጀምሮ ተከታተሉ፤ ውጤቱንም በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ከመዘገቧቸው ብዙ ነገሮች መካከል ለእኛ የሚጠቅመን ትንሽ የሚመስለው ነው።

አራስ ቡችላ በራሱ አይፀዳዳም። እናቲቱ በምላሷ እየላሰች ታነሣሣዋለች፤ የወጣውንም ራሷ ትልሰዋለች፤ ስለዚህ ጎጆው ንጹሕ ይሆናል። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ እግሩ ገና እየተንገዳገደ፣ ከመኝታው ጥቂት ርቆ መሽናት ይጀምራል። ስምንት ሳምንት ተኩል አካባቢ ደግሞ የተወሰነ ቦታ ይመርጣል፤ ወደዚያው ይመላለሳል።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ንጽሕና የሚባለው ነገር ቡችላው ውስጥ እንደ ታሸገ ዕቃ የተቀመጠ አይደለም፤ ዝንባሌው አብሮት ይወለዳል፣ ወደ ልማድ የሚለወጠው ግን የሚሄድበት ቦታ ሲኖረው ነው። ከመኝታው ሦስት እርምጃ ለመራቅ ሦስት እርምጃ የሚሆን መሬት ያስፈልጋል። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሳጥኑና የዋሻው ተረት

በእንግሊዝኛ «ክሬት» የሚባለው፣ እኔ በዚህ ንግግር ሳጥን የምለው ዕቃ፣ አስቀድሞ ውሻን ወደ ትርኢትና ወደ ሩቅ አገር ለማጓጓዝ ያገለግል ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሥርት ዓመታት ግን በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ ዋነኛ የማስለመጃ መሣሪያ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት የቤተሰቡን ሰዓት ማየት ይበቃል፦ ባልም ሚስትም ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቡችላው ብቻውን ይቀራል፤ ምንጣፉም አለ።

መሣሪያው ንድፈ ሐሳብ አስፈለገው። «ውሻ የተኩላ ዘር ነው፤ ተኩላ የዋሻ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ ሳጥን ለውሻ ዋሻው ነው፤ ዋሻውንም አያቆሽሽም» ተባለ። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ግማሹ ግን ብቻ እውነት ነው። ተኩላ በጉድጓድ የምትኖረው ስትወልድና ግልገሎቿ ጥቂት ሳምንታት እስኪሞላቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ጉድጓዱን ይተወዋል፣ አዋቂዎቹም ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተኩላ ጉድጓድ ከውጭ የሚቆለፍ በር የለውም። ግልገሉ ጎጆውን የማያቆሽሸው መውጣት ስለሚችል ነው።

በሳጥኑ ላይ ፍርደ ገምድል ልሆን አልፈልግም። ቡችላው ቀስ በቀስ ከተለማመደው፣ ስፋቱ ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ባለቤቱም በሰዓቱ ካወጣው፣ ዘዴው ለብዙዎች ሠርቷል። አሠልጣኞች በልምድ የሚናገሩት መለኪያ አለ፦ ቡችላ በቀን ሽንቱን የሚይዘው በወራት ዕድሜው ልክ በሚቆጠር ሰዓት ያህል ነው፤ የሁለት ወር ቡችላ ለሁለት ሰዓት ገደማ። ስምንት ሰዓት የተዘጋበት ቡችላ ሳጥኑን ቢያቆሽሽ የተሸነፈው የሽንት ፊኛው እንጂ ጠባዩ አይደለም። በሽታም ሊኖር ይችላል፦ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የሆድ ትል፣ ተቅማጥ፣ ብቻውን ሲቀር የሚይዘው ፍርሃት። ስለዚህ የመጀመሪያው በር የእንስሳት ሐኪም በር ነው።

ነገር ግን ጤነኛ ሆኖ፣ በሰዓቱ እየወጣ፣ ሳጥኑም በልኩ ሆኖ ሳለ ደጋግሞ የሚያቆሽሽ፣ በቆሻሻውም ላይ ሳይጨነቅ የሚተኛ ቡችላ አለ። ቡቺ እንዲህ ዓይነት ነበር። እርሱን ለመረዳት ከሳጥኑ በፊት ወደነበረበት ቦታ መሄድ ግድ ነው።

15 ሴንቲ ሜትር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቡችላን በብዛት አራብቶ ለመደብሮች ማከፋፈል በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፣ በተለይም እንደ ሚዙሪና ካንሳስ ባሉ ግዛቶች፣ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። የፌዴራሉ ሕግ የመጣው በሌላ በር ነው። በ1965 ፔፐር የምትባል የዳልሜሽን ዝርያ ውሻ ከፔንሲልቫኒያ ጠፍታ በኒውዮርክ ቤተ ሙከራ ውስጥ መሞቷ ታወቀ፤ በ1966 መጀመሪያ ላይፍ መጽሔት የውሻ ነጋዴዎችን ግቢ በፎቶግራፍ አጋለጠ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን ፈረሙ። በ1970 ሕጉ ተሻሽሎ ለቤት እንስሳነት በጅምላ የሚሸጡትንም አቀፈ።

ይህ ሕግና ደንቦቹ ብዙ መልካም ነገር አምጥተዋል። ሆኖም ለአንድ ውሻ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ የወለል ስፋት የሚወስነውን ቀመር እንመልከት። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ያለው ርዝመት ይለካል፤ 6 ኢንች ይጨመርበታል፤ ድምሩ በራሱ ይባዛል። ለምታጠባ እናት ለእያንዳንዱ ቡችላ ከድርሻዋ ቢያንስ 5 በመቶ ይታከላል። ወለሉ እግር እስካላሾለከ ድረስ ከሽቦ መረብ ሊሠራ ይችላል።

6 ኢንች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዝቅተኛው ልክ የተያዘ ውሻ መኝታውን ከመፀዳጃው የሚለይበት ርቀት ይህን ታክላለች። ቡችላው በሦስተኛው ሳምንት ከጎጆው ሊርቅ ሲነሣ የሚርቅበት የለም። ሽንቱ በሽቦው መካከል ይወርዳል፤ እርሱም እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። በስምንተኛው ሳምንት፣ ቦታ ሊመርጥ በተዘጋጀበት ጊዜ፣ ወደ መደብሩ መስኮት ይጓዛል፤ ያም ሌላ ሣጥን ነው። ይህ ቡችላ ትምህርት አልጎደለውም። አልጋና መፀዳጃ አንድ ናቸው የሚል ትምህርት በሚገባ ተምሯል።

ጥናቶቹም ይህንኑ ያሳያሉ። ፍራንክ ማክሚላን፣ ጄምስ ሰርፐልና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ሥራ በንግድ ማራቢያዎች ለመራቢያነት ተይዘው የነበሩ ውሾች ከሌሎች የቤት ውሾች ይበልጥ ፍርሃትና ቤት ውስጥ መፀዳዳት እንደሚታይባቸው አሳይተዋል። በ2013 ደግሞ ከመደብር የተገዙትን ከንግድ ውጭ ካሉ አራቢዎች ከተገኙት ጋር አነጻጽረው፣ ከ14 የጠባይ መለኪያዎች በ12ቱ የመደብሮቹ ውሾች ዝቅ ብለው ተገኙ፤ ቤት ውስጥ መፀዳዳትም ከእነዚህ አንዱ ነበር። እንዲህ ያለ ጥናት ስለ ውሾች ብዛት እንጂ ስለ አንድ ውሻ እንደማይፈርድ፣ የባለቤቶቹ አያያዝም ሊለያይ እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም ስኮትና ፉለር ካዩት ጋር ሲገናዘብ ትርጉሙ አይሰወርም።

ከዚህ ምን ይከተላል?

የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሰነድን ስትመረምሩ የምጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ከየት መጣ? በማን እጅ አለፈ?» የሚል ነው። የቆሸሸውም ሳጥን ሰነድ ነው። እኔ ያነበብኩት እንደ ዓመፅ ነበር፤ ሲመረመር ግን የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት መዝገብ ነው።

ንባቡ ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል። እንዲህ ላለው ቡችላ የተዘጋው ሳጥን ለጊዜው መቅረት አለበት፤ የቀድሞውን ትምህርት በየሌሊቱ ይደግምለታልና። በምትኩ ሰፋ ያለ አጥር ተሠርቶ፣ በአንዱ ጥግ መኝታ፣ ራቅ ባለው ጥግ መፀዳጃ ይደረግለታል፤ የተነፈገው ርቀት ተመለሰለት ማለት ነው። ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲጨርስ፣ ሌሊትም ቢሆን አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ይወሰዳል፤ ውጭ በተፀዳዳ ቅጽበት፣ እዚያው ቆሞ ሳለ፣ ጥቂት ምግብና መልካም ቃል ይሰጠዋል። የቆሸሸው ቦታ ሽታው እስኪጠፋ ይጸዳል፤ ለዚህም ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ይመረጣል፣ አሞኒያ ያለበት ግን ሽንት ሽንት ስለሚለው አይመከርም። ቅጣት የለም። የተቀጣ ቡችላ የሚማረው በሰው ፊት አለመሽናትን ነው፤ ከዚያ በኋላ ውጭ አብረኸው ብትቆም ይዞት ተመልሶ ቤት ገብቶ ተደብቆ ይሸናል። ሥራው ወራት ሊወስድ ይችላል።

ጥያቄው ከቤት ወደ ሕግም ይሻገራል። በስዊድን ሳጥን ለጉዞና ለመሳሰሉት ውሱን ጊዜያት እንጂ ለዘወትር ማኖሪያ አይፈቀድም፤ መመሪያውም ውሻ በቀን ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ እንዲወጣ ይመክራል። አሜሪካ የወለሉን ስፋት በውሻው አካል ለካች፤ ስዊድን ደግሞ የሰውን ሰዓት በውሻው ፍላጎት ለካች። ሁለቱ አገሮች ችግሩ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው።

ዛሬ በከተሞቻችን የኮንዶሚኒየም ኑሮ ሲስፋፋ ግቢ የሌለው ቤት በዝቷል፤ ውሻውም ከደጃፍ ወደ ሳሎን እየገባ ነው። የለንደን ቤተሰቦች በ19ኛው መቶ ዘመን የገጠማቸው ጥያቄ የእኛም እየሆነ ነው። እነርሱ የሄዱበትን የቅጣት መንገድ ሁሉ ደግመን መሄድ አይጠበቅብንም። ቡችላ ለመያዝ የምታስቡ ካላችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ያደገበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ፤ እናቱ የት እንደምትተኛና የት እንደምትፀዳዳ ጠይቁ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአገራችን ሰው፤ ታማኝነቱን ሲመሰክርለት። ቡቺም ያን ሁሉ ሌሊት ታማኝ ነበር፤ ለተማረው ነገር። ያን ቅጽ ዛሬ ብሞላው «ንጽሕና አይማርም» የሚለውን ሰርዤ «ርቀት ተነፍጎ ያደገ፤ ጊዜና ቦታ ይሰጠው» ብዬ እጽፍ ነበር። ምናልባት ቀጥሎ የወሰደው ሰው ያነበው ነበር።